ዓይን ላይ የታየው ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር

«የዓይን ካንሰር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዓይን ውስጥ ተነሥቶ እዚያው ያደገ ዕጢ ነው። በአዋቂ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገኝ አደገኛ ዕጢ ግን ብዙውን ጊዜ ከጡት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት ወይም ከሌላ የአካል ክፍል ተነሥቶ በደም ተጉዞ የደረሰ ነው። የዓይን ሐኪሞች ይህን ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የካንሰር ሐኪሞችም አይጠፋቸውም። ብዙውን ጊዜ የማያውቀው ሕመምተኛው ነው፤ ምልክቱን ከማንም በፊት የሚያየው፣ ለማን መናገር እንዳለበትም የሚወስነው ደግሞ እሱው ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ክፍተት ነው።

ታላቅ እኅቴ የጡት ካንሰር ታክማ፣ ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞቴራፒውንም ጨርሳ፣ ለዓመታት በደኅና ኖራለች። የክትትል ቀጠሮዋን አታዛንፍም፤ ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች። ከዕለታት በአንዱ ቀኝ ዓይኗ በቅርብ የያዘችውን ጽሑፍ አላነብ አላት። ዕድሜዋ መነጽር የሚጀመርበት ዕድሜ ነበርና፣ መነጽር የለካላት ባለሙያ ነገሩን ከዕድሜ ቆጠረው። አዲስ መነጽር ታዘዘላት። መነጽሩም ሠራ! ለጥቂት ሳምንታት በደንብ አነበበችበት።

መነጽሩ ለምን እንደ ሠራ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ማንም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስለሆነ ልግለጸው። ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ንጣፍ፣ ከሬቲና፣ በስተኋላ የሚያድግ እብጠት ሬቲናን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሬቲና ወደ ፊት ሲገፋ ዓይኑ በርዝመቱ እንዳጠረ ይቆጠራል፤ ያጠረ ዓይን ደግሞ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ለማየት የመደመር ቁጥር ያለው ሌንስ ይፈልጋል። ስለዚህ ዕጢው እያደገ ሳለ መነጽሩ እውነተኛ እርዳታ ይሰጣል፤ በዚያው ልክ በሽታውን ይሸፍነዋል። በአንድ ዓይን ብቻ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ የመነጽር ቁጥር ከተለወጠ ነገሩን ከዕድሜ ጋር ብቻ ማያያዝ አይበቃም። ዕድሜ ሁለቱንም ዓይን እኩል፣ ያውም ቀስ ብሎ ነው የሚያደክመው።

መነጽር ለክቶ መስጠት ጥፋት አይደለም። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነበር። «ከዚህ በፊት ካንሰር ታክመው ያውቃሉ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። የሞላችው ቅጽ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ በቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ ስለመኖሩ ይጠይቃል፤ ካንሰር የሚል መስመር ግን አልነበረበትም። እሷም ብትሆን ጡትንና ዓይንን ምን ያገናኛቸዋል ብላ አላነሣችውም። ማንስ ቢሆን ለምን ያነሣል?

የሚያገናኛቸው ደም ነው። የዓይን ግድግዳ ሦስት ንጣፍ አለው፤ ከውጪ ነጩና ጠንካራው ስክሌራ፣ ከውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ በደም ሥሮች የተሞላው ኮሮይድ። ኮሮይድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ ያነሰ ውፍረት ያለው ስስ ነገር ነው። ሆኖም ወደ ዓይን ኳስ ከሚገባው ደም አብዛኛውን የሚወስደው እሱ ነው፤ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ በሰውነታችን ውስጥ የእሱን ያህል ደም የሚፈስባቸው ሕብረ ሕዋሳት ጥቂት ናቸው። ደሙ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በሚሆኑ ቀጫጭን ቧንቧዎች ሲሆን፣ እነሱም የዓይን ነርቭ በሚገባበት ዙሪያ ዓይንን ከኋላ በስተው ያልፋሉ። ከጡት ወይም ከሳንባ ተላቅቆ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ የካንሰር ሕዋስ ወደ ዓይን ከደረሰ፣ በአብዛኛው የሚቀረው እዚሁ ከኋላ በኩል፣ ማየትን የሚያህል ነገር በሚሠራበት ስፍራ ነው። ሬቲና የራሱ የደም ቧንቧ ቢኖረውም ካንሰር ሬቲናው ላይ ሲያርፍ ማየት እጅግ ብርቅ ነው።

የሕክምና ታሪክ ማንበብ እወዳለሁና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1851 ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ኦፍታልሞስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ለዓለም እስካሳወቀበት ጊዜ ድረስ፣ የሕያው ሰው ዓይን ከብሌኑ ወዲያ ለሐኪም ጨለማ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1872፣ ፐርልስ የተባለ ሐኪም ወደ ኮሮይድ የተዛመተ ካንሰርን ጽፎ አሳወቀ። ከእሱ 10 ዓመት ዘግይቶ የቪየናው የዓይን ሐኪም ኧርንስት ፉክስ በዓይን ዕጢዎች ላይ ሲጽፍ፣ አንዳንድ የአካል ክፍሎች የካንሰርን ሕዋስ ለመቀበል ከሌሎቹ ይልቅ የተመቹ ናቸው የሚል ሐሳብ አነሣ። ይህን ሐሳብ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1889 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፔጀት በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ መረመረ። ካንሰሩ በዘፈቀደ ቢሰራጭ ኖሮ ጉበትና ጣፊያ ብዙም ባልተለያዩ ነበር፤ መዝገቡ ግን ጉበት በብዙ እጥፍ እንደሚጠቃ አሳየ። ፔጀት ሕዋሱን ከዘር፣ የሚያርፍበትን አካል ከመሬት ጋር አመሳሰለ፤ ዘሩ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን በተስማማው መሬት ላይ ብቻ ነው። የዛሬው የካንሰር ሥርጭት ጥናት ሁሉ የሚመለስበት ይህ ሐሳብ የአንድ ዓይን ሐኪም አስተያየት እንዳለበት ሳውቅ ደስ አለኝ። የዓይን ሕክምናና የካንሰር ሕክምና ያኔ የሚነጋገሩ ጎረቤታሞች ነበሩ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በፊላደልፊያ በሚገኘው የዊልስ የዓይን ሆስፒታል ካሮል ሺልድስ፣ ጄሪ ሺልድስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጥናት በዚህ በሽታ ላይ ከተሠሩት በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። 420 ሕመምተኞችን፣ 520 ዓይኖችን ያካተተ ነው። ከዕጢዎቹ 88 በመቶው ኮሮይድ ላይ፣ 9 በመቶው በብሌን ዙሪያ ባለው ባለቀለም ክብ፣ በአይሪስ ላይ፣ 2 በመቶው ደግሞ ከአይሪስ ጀርባ ባለው ሲሊያሪ ቦዲ በሚባለው ክፍል ላይ ነበሩ። መነሻው በ47 በመቶው የጡት፣ በ21 በመቶው የሳንባ ካንሰር ነበር። ከእነዚህ ቀጥሎ የሆድ ዕቃ፣ የኩላሊት፣ የቆዳና የፕሮስቴት ካንሰር በጥቂት በመቶ ይከተላሉ።

እኔን ቀጥ አድርጎ ያስቀመጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከ420ዎቹ ውስጥ 34 በመቶው ዓይናቸው ላይ ዕጢው ሲገኝ ካንሰር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ሰው ብዥ አለብኝ ብሎ ዓይኑን ሊታይ ይሄዳል፤ የሚወጣው የሳንባ ካንሰር ጥርጣሬ ይዞ ነው። እነዚህ ሰዎች ተመርምረው በ35 በመቶው ላይ የሳንባ፣ በ7 በመቶው ላይ የጡት ካንሰር ተገኘ፤ በግማሽ ያህሉ ላይ መነሻው ሳይታወቅ ቀረ። ሁለቱ ካንሰሮች ጠባያቸው የሚለየውም በዚህ ነው። የጡት ካንሰር ዓይን ላይ ሲደርስ ሕመምተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰሯን አስቀድማ ታውቀዋለች፤ ታክማ ዓመታት አሳልፋም ሊሆን ይችላል። የሳንባ ካንሰር ግን ሳል እንኳ ሳያስነሣ በዓይን በኩል ራሱን ሊገልጥ ይችላል። ስለዚህ የዓይን ሐኪም ክፍል አንዳንዴ የካንሰር የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረግበት ቦታ ነው፤ በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ሐኪም ደግሞ ስለ ማጨስ፣ ስለ ክብደት መቀነስ፣ ስለ ሳል መጠየቅ ሥራው ነው።

እኅቴን ያዳናት ሁለተኛው የዓይን ሐኪም መጠየቁ ነው። መነጽሩ ማገልገል ካቆመ በኋላ የጽሑፉ መስመር መሐል ላይ ጎበጥ እያለ ይታያት ጀመር፤ በጨለማ ውስጥም ዓይኗን ስታንቀሳቅስ ብልጭታ ታያለች። ሕመም የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ጸጥ ብለው ካዳመጡ በኋላ ገና መሣሪያቸውን ሳያነሡ «ከዚህ በፊት ምን ምን ታክመዋል?» አሏት። የጡት ካንሰር ስትል ብዕራቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ስለ ዓመቱ፣ ስለ ዓይነቱ፣ ስለምትወስደው መድኃኒት አንድ በአንድ ጠየቋት። ከዚያ ነው ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ በሁለቱም ዓይኖቿ ያደረጉላት። «ግራው ደኅና ነው እኮ» ብትላቸው፣ «ደኅናውንም ማየት አለብኝ» አሉ።

ጠብታው እስኪሠራ ጥቂት መጠበቅ አለ። ብሌኑ ከሰፋ በኋላ ሐኪሙ ብርሃን ያለበትን መሣሪያ በግንባራቸው አስረው፣ አንድ ክብ ሌንስ በጣታቸው ይዘው ከፊቷ ቆሙ። «ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ወደ ቀኝ፤ ወደ ታች፤ አሁን ወደ ጆሮዎ።» በየመሐሉ ወደ ጠረጴዛው እየተመለሱ ቀድሞ በታተመ ክብ ላይ በባለቀለም እርሳስ ይሥላሉ። የደም ሥሮቹን በቀይ፣ ከቦታው የተነሣውን ሬቲና በሰማያዊ፣ ዕጢውን በቢጫ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሥዕሉ ሲሞላ አየሁ። ቀኙ ላይ ሁለት ቢጫ ቦታዎች ነበሩ፤ አንደኛው ለማየት ከሚያገለግለው መሐል አጠገብ። ከዚያ የግራውን ዓይን ክብ አነሡ፤ በእሱም ጠርዝ ላይ አንድ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አኖሩ። እኅቴ በዚያ ዓይኗ ምንም ችግር ተሰምቷት አያውቅም። ዕጢው ከማየት መሐል ርቆ ካለ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል፤ ሐኪሙ ደኅናውን ካላዩ አልቀጥልም ያሉት ለዚህ ነው።

ወዲያው ደግሞ በጀርባዋ አስተኟትና እንደገና ተመለከቱ፤ አስቀመጧትና እንደገና አዩ። በሬቲና ሥር የተጠራቀመው ፈሳሽ ከአቀማመጧ ጋር አብሮ ቦታ ይለውጣል። ሬቲና ተቀዶ ከተነሣ ፈሳሹ እንዲህ አይዋልልም፤ የሚዋልለው ከሥሩ ካለ ዕጢ ወይም ብግነት የሚመነጨው ፈሳሽ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ እንዲነሣ ብቻ በማድረግ ይህን ያህል ማወቅ መቻሉ አሁንም ይደንቀኛል።

የተዛመተ ካንሰር ኮሮይድ ላይ በአብዛኛው ቢጫማ፣ የወተት ቅባት የመሰለ፣ ጠፍጠፍ ብሎ የተንጣለለ እብጠት ሆኖ ነው የሚታየው። ብዙ ሆኖ ወይም በሁለቱም ዓይን መገኘቱ ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል፤ በተለይ ከጡት የመጣ ከሆነ። ቀለሙም ይናገራል። ከኩላሊት፣ ከእንቅርት ወይም ካርሲኖይድ ከሚባለው ዕጢ የመጣው ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ሜላኖማ ከሚባለው የቆዳ ካንሰር የመጣው ይጠቁራል። ይሁንና ቀለም ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን መሣሪያዎቹ ይከተላሉ።

መጀመሪያ በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አልትራሳውንድ ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ ቆቧ ላይ ቅባት ተደርጎ፣ መሣሪያው ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰባት። ዋናው ነገር ከዓይን ሜላኖማ መለየት ነው፤ እሱ እዚያው ዓይን ውስጥ የሚነሣ ካንሰር ነውና ሕክምናው ፈጽሞ ሌላ ነው። ሜላኖማ ብዙ ጊዜ ጉብ ይላል፣ አንዳንዴም አናቱ ሰፍቶ እንደ እንጉዳይ ይሆናል፤ ድምፁ በውስጡ ሲያልፍ የሚመለሰው ደካማ ነው። የተዛመተው ዕጢ ደግሞ ሰፋ ያለ መሠረትና ዝቅ ያለ ቁመት አለው፤ የሚመልሰው ድምፅም ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ ነው። ኦሲቲ የሚባለው በብርሃን የሚሠራው ምርመራ ደግሞ የዕጢውን የላይኛ ገጽ ያሳያል፤ የተዛመተ ካንሰር ገጹ ወጣ ገባ የበዛበት ነው። በክንድ የደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣው ፎቶም ተነሣላት። የዚህ ቀለም ነገር ሰው ሊያስደነግጥ ስለሚችል አስቀድሞ ቢነገር ጥሩ ነው፤ ቆዳ ለሰዓታት ቢጫ ይላል፣ ሽንት ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል፣ በማግሥቱ ይጠራል።

ካንሰር የሚመስል ነገር ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነም መናገር ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋሲያን ኮሮይድ ላይ የሚፈጥሩት እብጠት የተዛመተ ዕጢን ቁርጥ ሊመስል ይችላል፤ እሱ በመድኃኒት ይድናል። ሳርኮይዶሲስ የሚባለው የብግነት በሽታም እንዲሁ ያሳስታል። ሄማንጂዮማ የሚባለው የደም ሥር እብጠት ጉዳት የሌለው ዕጢ ነው። ከኋላ የሚነሣ የስክሌራ ብግነትም ሬቲናን ሊያነሣ ይችላል፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ያማል። ሁሉም የየራሱ መለያ ስላለው ሐኪሙ አንድ ምርመራ አይቶ አይፈርድም። እኛ ቤተሰቦች ቶሎ ቁርጡን ማወቅ እንፈልጋለን፤ ግን ምርመራ የሚደራረበው ለከንቱ እንዳልሆነ ባውቅ ኖሮ እነዚያ ቀናት ይቀሉኝ ነበር።

ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል ወይ? እኅቴን የጨነቃት ይህ ነበር፤ ዓይን ውስጥ መርፌ ይገባል የሚለው ሐሳብ ማንንም ያስጨንቃል። ለእሷ አላስፈለገም። ቀድሞ የታወቀ ካንሰር ያለበት ሰው ዓይኑ ላይ ያለው ምስል ግልጽ ሲሆን፣ በተለይ በሌላ የአካል ክፍልም ሥርጭቱ ከታየ፣ በዚያው ይበቃል። ናሙና የሚፈለገው መነሻው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ወይም ምስሉ አሻሚ ሲሆን ነው። ያኔ በቀጭን መርፌ ጥቂት ሕዋሳት ተወስደው በላቦራቶሪ ይቀለማሉ። ሕዋሱ የትውልድ ስፍራውን አይረሳም፤ ቲቲኤፍ1 የሚባለው ፕሮቲን ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ የኢስትሮጅን ተቀባይ ከተገኘ ወደ ጡት፣ ሲዲኤክስ2 ከተገኘ ወደ አንጀት። ከሳንባ የመጣ ከሆነ ኢጂኤፍአር ወይም ኤኤልኬ የሚባሉት ጂኖች ይመረመራሉ፤ ምክንያቱም ለእነዚህ በቀጥታ የሚሠሩ ክኒኖች አሉ፣ የዓይኑም ዕጢ በእነሱ የሚከስምበት ጊዜ አለ።

ከኮሮይድ ውጪ ስላሉት ቦታዎች በአጭሩ ልጨምር። አይሪስ ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ የዓይን ብግነት መስሎ ይመጣል፤ ዓይን ይቀላል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የስቴሮይድ ጠብታ ይታዘዛል፣ ግን አይሻልም። በጠብታ የማይሻል «ብግነት» እንደገና መታየት አለበት። ዓይን የሚቀመጥበት አጥንታማ ጉድጓድ ውስጥ ሲያርፍ ዓይኑን ወደ ውጪ ይገፋዋል፣ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። አንድ የተለየ ነገር አለ፤ አንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ሕብረ ሕዋሱን እያጠነከረና እየሰበሰበ ስለሚሄድ ዓይኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። የሰጠመውን ዓይን ትቶ ደኅናው ዓይን ወጣ ብሏል ብሎ የሚሳሳት አለ። ሕፃናት ላይ ደግሞ ኒውሮብላስቶማ የሚባለው ካንሰር በሁለቱ ዓይኖች ዙሪያ ሳይመታ የሚበልዝ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ ያልወደቀ ልጅ ዓይኑ ዙሪያ ከበለዘ ነገ ዛሬ ሳይባል መታየት አለበት።

ዓይኑ ላይ ያለው ከታወቀ በኋላ ምርመራው ወደ መላ ሰውነት ይዞራል። ዓይን ላይ የደረሰ ካንሰር ሌላም ቦታ ሊኖር እንደሚችል ይታሰባልና ደረት፣ ሆድ፣ አጥንት ይታያሉ፤ አንጎልም በኤምአርአይ ይታያል፣ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ከአንድ ትልቅ ቧንቧ የሚቀዳ ነውና። እኅቴ አጥንቷ ላይም ተገኘባት። አንጎሏ ንጹሕ ነበር። የካንሰር ሐኪሟ ውጤቱን ሲነግሯት እሷ የጠየቀችው ስለ አጥንቷ አልነበረም። «ማየት እችላለሁ?» ነበር ያለችው።

በዚያ ሰሞን ከቅርብ ሰው የሰማሁት አንድ ንግግር እስካሁን ያበሳጨኛል። ካንሰሩ ከተሰራጨ ወዲያ ዓይኗን ማሠቃየት ምን ይጠቅማል የሚል ነበር። አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በዚህ በሽታ ዕድሜ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ይህን መደበቅ አልሻም። ግን የቀረው ጊዜ ስንት ይሁን ስንት፣ የሰው ፊት እያዩ፣ የራስን መድኃኒት ስም እያነበቡ፣ ያለ መሪ መጸዳጃ ቤት እየሄዱ መኖርና በጨለማ ውስጥ መኖር አንድ አይደሉም። ዓይን ማዳን ለረጅም ዕድሜ ላላቸው ብቻ የተተወ ቅንጦት ሊሆን አይችልም። ደግሞም ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ሥቃይ የለበትም።

የእሷን ሕክምና እንዳየሁት ልንገር። መጀመሪያ የሆርሞን መድኃኒቷ ተለወጠ፤ መድኃኒቱ በደም ስለሚሄድ ለአጥንቱም ለዓይኑም ይደርሳል። የቀኙ ዕጢ ግን ከማየት መሐል አጠገብ ስለነበረና ጊዜ ስለማይሰጥ ከውጪ የሚሰጥ ጨረር ታከለበት። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የተለመደው መጠን ከ30 እስከ 40 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው) ሲሆን፣ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ በሁለት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይሰጣል። በፊቷ ልክ የተሠራ ወንፊት መሰል ጭምብል ጭንቅላቷን እንዳይነቃነቅ ይይዘዋል፤ ጨረሩ ራሱ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው፣ አያምም። ለሌሎች ሌላ መንገድ ይመረጣል፤ አንድ ዕጢ ብቻ ላለው በስክሌራ ላይ ለጥቂት ቀናት የሚሰፋ ጨረር ያለው ትንሽ ሳህን፣ ለትናንሾቹ ቬርቴፖርፊን በሚባል መድኃኒትና በሌዘር የሚሰጥ ሕክምና፣ ወይም ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ። አንዳንዱ ደግሞ የመላ ሰውነት መድኃኒቱ ብቻ በቂ ሆኖ ዓይኑ በክትትል ብቻ ይያዛል። ጨረር ውሎ አድሮ የዓይን ሞራና የሬቲና ጉዳት ሊያስከትል ይችላልና ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው።

ፈሳሹ ወዲያው አልደረቀም። በወራት ውስጥ ግን ሬቲናው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዕጢው ጠፍጥፎ በቦታው ቡናማ ነጠብጣብ ቀረ፣ ሐኪሙ በሥዕላቸው ላይ ቢጫውን ትተው በቡናማ እርሳስ ነጠብጣብ አደረጉበት። የጽሑፉ መስመር ጨርሶ ባይቃናም ታነባለች። ግራው ዓይኗ ጨረር ሳያስፈልገው በመድኃኒቱ ብቻ ተስተካከለ።

ካንሰር የታከመ ሰው ዓይኑ ብዥ ባለ ቁጥር መሸበር አለበት እያልሁ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመው የዓይን መድረቅ ወይም ሞራ ነው። መድኃኒቶቹም ድርሻ አላቸው፤ ስቴሮይድ ሞራ ያፋጥናል፣ ታሞክሲፌን አልፎ አልፎ ሬቲናን ይነካል፣ ታክሴን ከሚባሉት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሬቲናን መሐል ያሳብጣሉ። ሁሉንም የጡት ካንሰር ሕመምተኛ ያለ ምልክት ዓይን መመርመርም በአጠቃላይ የሚመከር አይደለም። ምርመራው በምልክት ላይ የሚመሠረት ከሆነ ታዲያ ምልክቱ መጠየቅና መነገር አለበት። የካንሰር ሐኪም በክትትል ቀን ስለ ሳል፣ ስለ አጥንት ሕመም እንደሚጠይቅ ሁሉ «ማየትዎስ?» ቢል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ለሕመምተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የምለው የሚከተለው ነው። አልፎ አልፎ አንድ ዓይን በመዳፍ ሸፍናችሁ በሌላው ብቻ አንብቡ፤ ከዚያ ቀይሩ። ሁለቱ አብረው ሲያዩ ደኅናው የታመመውን ስለሚሸፍንለት ጉድለቱ ሳይታወቅ ይቆያል። የበር መቃን ወይም የጽሑፍ መስመር ከጎበጠ፣ በማየት መሐል ግራጫ ጥላ ካለ፣ አዲስ ብልጭታ ወይም ብዙ ተንሳፋፊ ነጥብ ከታየ፣ የአንድ ዓይን መነጽር ቁጥር በድንገት ከተለወጠ ቀጠሮ ያዙ። ዓይን ሊታዩ ስትሄዱ ቅጹ ባይጠይቅም የካንሰሩን ዓይነት፣ የታከማችሁበትን ዓመትና የምትወስዱትን መድኃኒት በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ብሌን በሚያሰፋ ጠብታ ሁለቱም ዓይን እንዲታይም ጠይቁ። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ መኪና የሚነዳላችሁ ወይም እጃችሁን የሚይዝ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። የዓይን ቀጠሮው ወራት የሚያስጠብቅ ከሆነ ደግሞ የካንሰር ሐኪማችሁ ጋር ሂዱና ምልክቱን ተናግራችሁ፣ በአስቸኳይ እንድትታዩ የሚል ደብዳቤ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ።